የጭሱ ድርሻ፦ የግል የካርቦን ግብይትና የቡኮቶ መንገደኛ

ተሽከርካሪዎች ከሚያቃጥሉት ነዳጅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምድርን ሙቀት ከሚያባብሱት ጋዞች ዋነኛው ሲሆን፣ ይህን ልቀት ለመቀነስ መንግሥታት እስካሁን በአመዛኙ የተጠቀሙባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም በነዳጅ ላይ ግብር መጣል፣ አሮጌ ተሽከርካሪ ወደ አገር እንዳይገባ መከልከልና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን ማበረታታት ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በምሁራን ዘንድ ሲመከርበት የቆየ፣ ነገር ግን በየትኛውም አገር በመላ ሕዝቡ ላይ የሚጸና ሕግ ሆኖ ያልወጣ አራተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም የግል የካርቦን ግብይት ይባላል። የዚህ ንግግር ዓላማ የሐሳቡን ምንነት ማስረዳት፣ የተሞከረባቸውን ቦታዎች ማሳየትና በመጨረሻም በካምፓላ ከተማ በናካዋ ክፍል በምትገኘው በቡኮቶ የሚኖር ሰው ከዚህ ሐሳብ ምን ሊጠቀም፣ በምንስ ሊጎዳ እንደሚችል መመርመር ነው።

ቡኮቶ ለዚህ ምርመራ የምትመች ሠፈር ናት። በአንድ ወገን ብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ተጠጋግተው ከሚኖሩባት ካምዎክያ ጋር ትዋሰናለች፤ በሌላው ወገን የባለጸጎችና የኤምባሲ ሠራተኞች መኖሪያ የሆኑት ናጉሩና ኮሎሎ የተባሉት ኮረብታዎች ቅርቧ ናቸው፤ በሰሜን በኩል ደግሞ በ2009 ለትራፊክ የተከፈተው 21 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሰሜን ማለፊያ መንገድ ይገኛል። በመሆኑም በእግሩ ወደ ሥራ የሚሄደው፣ በቦዳ ቦዳ ማለትም ሰው በሚያመላልስ ሞተር ሳይክል የሚጓዘው፣ በ14 ሰው ታክሲ የሚሳፈረውና ብቻውን ትልቅ መኪና የሚነዳው በአንድ መንገድ ላይ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። አራቱም አንድ ዓይነት አየር ይተነፍሳሉ፤ ወደ አየሩ የሚጨምሩት ጭስ ግን እጅግ የተለያየ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐሳቡ ምንጭና አሠራር

የግል የካርቦን ግብይት የሚጀምረው መንግሥት አገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ልትለቀው የሚፈቀድላትን የካርቦን መጠን ሲወስን ሲሆን፣ ይህ መጠን ጣሪያ ይባላል። ጣሪያው ከተወሰነ በኋላ ለእያንዳንዱ ዐዋቂ ሰው እኩል ድርሻ በነጻ ይታደላል፤ ሰውየው ነዳጅ በቀዳ ቁጥርም ከሚከፍለው ገንዘብ በተጨማሪ ከድርሻው ይቀነሳል። ድርሻው የተረፈለት ትርፉን በገበያ ይሸጣል፣ ያለቀበት ደግሞ ከሚሸጡት ይገዛል፤ ጣሪያው በየዓመቱ ዝቅ እንዲል ስለሚደረግም የአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት በሕግ በተወሰነው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ግብር የልቀትን ዋጋ ወስኖ መጠኑን ለገበያ ሲተው፣ ይህ አሠራር ግን መጠኑን ወስኖ ዋጋውን ለገበያ ይተዋል።

አሠራሩ ከራሽን ጋር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም። ብሪታንያ ከ1939 እስከ 1950 ነዳጅን በኩፖን ስታድል፣ ኩፖኑን ያልተጠቀመበት ሰው በሕጋዊ መንገድ ሊሸጠው አይፈቀድለትም ነበር፤ ስለዚህ መኪና የሌለው ሰው ከእደላው የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም። በግል የካርቦን ግብይት ግን ጥቂት የሚያቃጥለው ሰው ያላቃጠለው ነዳጅ ገንዘብ ይሆንለታል፤ በሐሳቡ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለድሃው የሚበጀው ይህ ነው።

ሐሳቡን በ1996 በጽሑፍ ያቀረበው ዴቪድ ፍሌሚንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በእርሱ ንድፍ ግለሰቦች ድርሻቸውን በነጻ ያገኛሉ፣ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሚያስፈልጋቸውን በጨረታ ይገዛሉ። ማየር ሂልማንና ቲና ፎሴት በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን ለብዙኀኑ አንባቢ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኮሊን ቻለን የተባሉት የብሪታንያ ፓርላማ አባል ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። በ2006 የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ሚሊባንድ በይፋ ስለደገፉትም መንግሥት ጥናት አስጠንቶ ውጤቱን በ2008 አወጣ። ጥናቱ ሐሳቡ ከጊዜው የቀደመ መሆኑን የገለጸ ሲሆን፣ ሥርዓቱን ለመዘርጋት ከ700 ሚሊዮን እስከ 2 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ለማስኬድም በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚጠይቅ ገመተ። የፓርላማው የአካባቢ ጉዳይ ኮሚቴ በዚያው ዓመት ምርምሩ እንዲቀጥል ቢመክርም መንግሥት አልገፋበትም።

የተሞከረባቸው ቦታዎችና የቅርብ ዘመዶቹ

ከወረቀት ወጥተው መሬት ከረገጡት ሙከራዎች የታወቀው በፊንላንድ በላህቲ ከተማ የተካሄደው ሲሆን፣ ይህም በመጓጓዣ ላይ ብቻ ያተኮረ ስለነበር ለዚህ ንግግር ርእስ እጅግ ይቀርባል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በተደገፈው በዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆኑ ነዋሪዎች በስልካቸው ላይ አንድ መተግበሪያ ይጭናሉ፤ መተግበሪያው ሰውየው በእግሩ፣ በብስክሌት፣ በአውቶቡስ ወይም በመኪና መጓዙን ለይቶ ልቀቱን ያሰላል፤ ከሳምንታዊ ድርሻው ያተረፈውም በአውቶቡስ ትኬትና በመሳሰሉት የሚለወጥ ነጥብ ያገኛል። ግብይቱ በ2020 ሲጀመር ወዲያው የኮቪድ ወረርሽኝ ስለደረሰ የሰዎች እንቅስቃሴ በሌላ ምክንያት ተለወጠና የሙከራውን ውጤት ለይቶ መመዘን አስቸጋሪ ሆነ። ያም ሆኖ የአንድን ሰው የጉዞ ልቀት በተራ የስልክ መተግበሪያ መለካት እንደሚቻል አሳይቷል፤ የብሪታንያው ጥናት በ2008 ካያቸው የወጪ ሥጋቶች አንዳንዶቹም ዛሬ ሊቀሉ የሚችሉት በዚህ ዓይነቱ ቴክኖሎጂ ነው።

ከግብይቱ ጋር የሚዛመዱ፣ ግን ዓላማቸው ሌላ የሆነ ሁለት ታላላቅ ተሞክሮዎችም አሉ። ኢራን በሰኔ 2007 ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ካርድ እንዲታደል አድርጋ ለአንድ የግል መኪና በወር 100 ሊትር በድጎማ ዋጋ ስትወስን፣ ውሳኔው በሰዓታት ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለተነገረ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነዳጅ ማደያዎች ተቃጥለዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ በሐምሌ 2022 ለሁሉም የሚሰጠውን የነዳጅ ድጎማ እያነሳች ሕዝብ ለሚያመላልሱ ተሽከርካሪዎች ብቻ የታለመ ድጎማ መስጠት ጀመረች፤ ተሽከርካሪዎቹ ተመዝግበው፣ የተመደበላቸውን ነዳጅ ቴሌብር በተባለው የስልክ ገንዘብ እየከፈሉ በተለየ ዋጋ ሲቀዱ፣ ሌላው ተጠቃሚ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉው ዋጋ እንዲሸጋገር ተደረገ። ይህ አሠራር የካርቦን ግብይት ባይሆንም ለምሥራቅ አፍሪካ ታላቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ማደያው ላይ ማን እየቀዳ እንደሆነ በስልክ ለይቶ ለእርሱ የተመደበውን መጠን መቀነስ በአካባቢያችን አገሮች ከአቅም በላይ አለመሆኑን አረጋግጧል። ጉድለቱ ድርሻው የተሰጠው ለተሽከርካሪው እንጂ ለሰው አለመሆኑ ነው፤ በመሆኑም በእግሩ የሚሄደው ሰው ከመዝገቡ ውጭ ቀርቷል።

የቡኮቶ ሒሳብ

ሐሳቡ ለአንድ ሠፈር ሰዎች ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ማስላት ይበቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከቡኮቶ እስከ መሀል ካምፓላ ያለው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ቢታሰብና አንድ ሠራተኛ በወር ውስጥ 26 ቀን ደርሶ መልስ ቢጓዝ፣ በወር 52 ጉዞ ያደርጋል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር በሚፈጅ መኪና ብቻውን የሚሄደው ሰው በወሩ 31 ሊትር ገደማ አቃጥሎ 72 ኪሎ ግራም ይለቃል። በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር በሚፈጅ ቦዳ ቦዳ የሚሳፈረው፣ ሞተር ሳይክሉ ባዶውን የሚመላለስበት ካልተቆጠረ፣ 15 ኪሎ ግራም ይደርስበታል። መኪናው የሚፈጀውን ያህል ነዳጅ በሚፈጅ ታክሲ ከሌሎች 11 ሰዎች ጋር የሚሄደው 6 ኪሎ ግራም ብቻ ሲደርስበት፣ በእግሩ የሚሄደው ግን ምንም አይለቅም።

ለእያንዳንዳቸው ለጉዞ በወር 20 ኪሎ ግራም ድርሻ ቢታደል፣ እግረኛው 20፣ የታክሲው ተሳፋሪ 14፣ የቦዳ ቦዳው ተሳፋሪ 5 ኪሎ ግራም ለገበያ ያቀርባሉ፤ ባለመኪናው ግን 52 ኪሎ ግራም መግዛት ይኖርበታል። በእነዚህ ምሳሌያዊ ቁጥሮች ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ በካምፓላ ዓይነት ከተማ የግል መኪና ያለው ሰው ቁጥር ከሌለው እጅግ የሚያንስ ስለሆነ ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት ይሆናል፤ ስለዚህ ጣሪያው በቂ ዝቅታ ላይ ካልተቀመጠ በስተቀር የድርሻው ዋጋ ረክሶ ግብይቱ ትርጉም ያጣል። ሁለተኛው፣ የዩጋንዳ አማካይ ሰው ከነዳጅ ቃጠሎ በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ0.2 ቶን በታች ሲሆን የዓለም አማካይ ከ4 ቶን በላይ ስለሆነ፣ ጣሪያው በዓለም ደረጃ ለሰው ልጅ ሁሉ እኩል ቢታደል የቡኮቶ ነዋሪ ከሞላ ጎደል ባለመኪናው ጭምር ሻጭ በሆነ ነበር። ለእኩል ድርሻ የሚቀርበው የፍትሕ ክርክር ከአንድ አገር ድንበር ውስጥ ሳይወጣ እንደማይጠናቀቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በመንገዱ ላይ ያሉ እንቅፋቶች

የመጀመሪያው እንቅፋት ማንነትን የማረጋገጥ ጉዳይ ነው። ድርሻ ለሰው የሚታደል ከሆነ ሰውየው ተመዝግቦ መታወቅ አለበት፤ ዩጋንዳ ከ2014 ጀምሮ ብሔራዊ መታወቂያ ስታድል የቆየች ቢሆንም፣ በ2021 የወጣ የመብት ድርጅቶች ጥናት መታወቂያ የሌላቸው ወይም መረጃቸው የተሳሳተባቸው አረጋውያንና እናቶች ከጡረታ ድጎማና ከሕክምና አገልግሎት መገለላቸውን አሳይቷል። በአፍሪካ ከሁሉም የበለጠ ስደተኛ ያስጠለለችው ይህች አገር ድርሻውን ለዜጋ ብቻ ትሰጥ ወይስ በካምፓላ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያንና ኮንጎአውያንም ጭምር የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ሥርዓቱ ሊጀመር አይችልም። ስደተኛው ድርሻ ቢከለከል በታክሲና በቦዳ ቦዳ ላይ የሚመጣውን የዋጋ ጭማሪ እየከፈለ ካሳውን አያገኝም።

ሁለተኛው እንቅፋት የቦዳ ቦዳ ነጂው ነው። ነጂው በቀን 3 ሊትር ቢያቃጥል ወደ 7 ኪሎ ግራም ይለቃል፤ ይህ ግን የእርሱ የግል ልቀት ሳይሆን የተሳፋሪዎቹ ነው። በፍሌሚንግ ንድፍ መሠረት ነጂው እንደ ድርጅት ተቆጥሮ ድርሻ ይገዛና ወጪውን በታሪፉ ላይ ይጨምራል፤ ተሳፋሪው ደግሞ የራሱን ድርሻ ሸጦ ጭማሪውን ይሸፍናል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ቢመጣጠንም፣ ነጂው ድርሻውን አስቀድሞ መግዛት ያለበት ጠዋት ነዳጅ ሲቀዳ ሲሆን ገንዘቡን የሚያገኘው ግን ውሎውን በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ሞተር ሳይክሉን በብድር ወይም በኪራይ የያዘ ነጂ ይህን ተጨማሪ ቅድመ ወጪ የሚሸከምበት ትርፍ የለውም።

ሦስተኛው የሕዝብ ቅቡልነት ነው። ኤምቲኤን የተባለው የስልክ ድርጅት በ2009 የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ዩጋንዳውያን ገንዘብ በስልክ መላላክን ስለለመዱ ድርሻን በስልክ መሸጥና መግዛት በአሠራር ረገድ አዲስ አይሆንባቸውም። ነገር ግን መንግሥት በሐምሌ 2018 በዚሁ የስልክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ሲጥል ሕዝቡ አጥብቆ ስለተቃወመ ግብሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ ብሎ ገንዘብ በሚወጣበት ጊዜ ብቻ የሚከፈል ሆኗል። በየዕለቱ ስልኩ ላይ የሚደረግን ቅነሳ ሕዝብ የሚጠረጥረው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ ሲቀር ነው፤ ስለዚህ ከሚቀነሰው በፊት የሚሰጠው መታየት አለበት።

ኤሌክትሪኩ ግብይቱን ያስቀረዋልን?

አንዳንዶች የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲስፋፋ የካርቦን ድርሻ ማደል ትርጉም የለውም ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩም በምሥራቅ አፍሪካ ከብዙ ሌሎች አካባቢዎች የበለጠ ክብደት አለው። የዩጋንዳ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከአባይ ውኃ የሚመነጭ ሲሆን፣ በ2012 የተመረቀው ቡጃጋሊ 250 ሜጋ ዋት፣ በ2024 የተመረቀው ካሩማ ደግሞ 600 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ኢትዮጵያም በጥር 2024 ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ በመከልከል በዓለም የመጀመሪያዋ አገር የሆነችው የራሷን የውኃ ኃይል ተማምና ነው። በካምፓላ እንደ ዜምቦ ያሉ ድርጅቶች ባትሪ በጣቢያ የሚለወጥላቸው የኤሌክትሪክ ቦዳ ቦዳዎች አሰማርተዋል፤ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በ2011 ኪራ የተባለች የኤሌክትሪክ መኪና ሠርተው ካሳዩ በኋላም ከዚያ የተወለደው ኪራ ሞተርስ በጂንጃ አውቶቡስ ወደ መሥራት ተሸጋግሯል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ቢሆንም የኤሌክትሪክ መኪናን በመጀመሪያ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ሰው ስለሆነ፣ መንግሥት ቀረጥ ቀንሶ የሚረዳው ያንኑ ባለመኪና ይሆናል። የሕዝብ ገንዘብ ለባለመኪናው ሽግግር ሲውል፣ ከመጀመሪያውም ያልበከለው እግረኛ አንድ ሳንቲም አይደርሰውም፤ የሚሄድበትም የእግረኛ መንገድ አይኖረውም። በመሆኑም ኤሌክትሪክ የጭሱን ጥያቄ ሊመልስ ቢችል እንኳ የፍትሑን ጥያቄ አይመልስም። የግል የካርቦን ግብይት ይዞት የመጣው ቁም ነገር ደግሞ ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

መርሁን ከዛሬ ጀምሮ መጠቀም

ዩጋንዳ በ2021 ብሔራዊ የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ በ2022 ባሻሻለችው ዕቅዷ መሠረት በ2030 ልቀቷ ምንም ባይደረግ ሊደርስበት ከሚችለው በ24.7 በመቶ እንዲያንስ ቃል ገብታለች። ይህን ቃል ለመፈጸም ሙሉውን የግል ግብይት መዘርጋት ዛሬ አይቻልም፤ ጣሪያውን የሚቆጣጠር መዝገብ፣ እያንዳንዱን ሰው የሚያቅፍ ምዝገባና ገበያውን የሚጠብቅ ተቋም ገና አልተሟሉም። የግብይቱን ፍሬ ግን ቀላል በሆነ መንገድ ማግኘት ይቻላል።

በ2021 የዩጋንዳ መንግሥት በመኪናና በሞተር ሳይክል ላይ ዓመታዊ ክፍያ ለመጣል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ፓርላማው ያን ትቶ በአንድ ሊትር ነዳጅ ላይ 100 ሺሊንግ እንዲጨመር ወሰነ። ብዙ ያቃጠለ ብዙ ስለሚከፍል፣ ከልቀት አንጻር ውሳኔው ከዓመታዊው ክፍያ ይሻላል። በቀደመው ሒሳብ መሠረት ይህ ጭማሪ ባለመኪናውን በወር 3,120 ሺሊንግ፣ የቦዳ ቦዳውን ተሳፋሪ 650፣ የታክሲውን ተሳፋሪ 260 ሺሊንግ ያስከፍላል፤ ድምሩም 4,030 ይሆናል። ገንዘቡ በሙሉ ለአራቱ እኩል ቢመለስ ለእያንዳንዳቸው ከ1,000 ሺሊንግ ጥቂት የሚበልጥ ይደርሳቸዋል፤ እግረኛው ሙሉውን ያተርፋል፣ የታክሲውና የቦዳ ቦዳው ተሳፋሪዎችም ከከፈሉት የበለጠ ያገኛሉ፣ ባለመኪናው ብቻ ከ2,000 ሺሊንግ በላይ ይከፍላል። የእግረኞች ቁጥር ከባለመኪናዎች ስለሚበልጥ በተግባር የነፍስ ወከፉ መጠን ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ እግረኛው ማትረፉና ባለመኪናው ከፋይ መሆኑ ግን አይለወጥም። እኩል የሚመለስ የነዳጅ ግብር ከግል የካርቦን ግብይት ጋር ተመሳሳይ የፍትሕ ውጤት የሚሰጠው፣ ያውም ያለ አዲስ ገበያና ያለ አዲስ መዝገብ፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ካናዳ ከ2019 ጀምሮ ከነዳጅ የሰበሰበችውን የካርቦን ክፍያ አብዛኛውን ለቤተሰቦች ስትመልስ ቆይታ በ2025 ሸማቹ የሚከፍለውን ክፍል አቁማለች፤ ለዚህ ከዳረጓት ምክንያቶች አንዱ ሰዎች በማደያው የሚከፍሉትን በየዕለቱ ሲያዩ የሚመለስላቸውን ግን በወጉ አለማስተዋላቸው ነበር። ለካምፓላ የሚሆነው ትምህርት ተመላሹ ሰው ሁሉ በሚያየው ነገር እንዲሆን ነው። በናሚሬምቤ ጎዳናና በሉዉም መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራው መተላለፊያ በከተማዋ ምን ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል፤ ከነዳጅ የሚሰበሰበው ተጨማሪ ገንዘብ በከፊል በቡኮቶ፣ በካምዎክያና በኪሳሲ መንገዶች ዳር የእግረኛ መንገድ ቢሠራበት፣ በከፊል የቦዳ ቦዳ ነጂዎች ወደ ኤሌክትሪክ እንዲሸጋገሩ በዝቅተኛ ወለድ ብድር ቢሰጥበት፣ የቀረውም በስልክ ገንዘብ ለነዋሪው ሁሉ እኩል ቢደርስ፣ ጥቂት የሚለቅ ሰው ድርሻ አለው የሚለው መርህ የግብይት ሕግ ሳይጠብቅ ሥራ ላይ ይውላል።

በመሆኑም የግል የካርቦን ግብይት በካምፓላ ዛሬ ሊዘረጋ የሚገባው ሥርዓት አይደለም፤ የቆመበት መርህ ግን ሊዘገይ አይገባውም። አየሩ የሁሉም ሀብት ነው፤ ከድርሻው በላይ የሚጠቀምበት ሰው ሊከፍል፣ ከድርሻው ያነሰ የሚጠቀምበት ሰው ሊካስ ይገባል። የዩጋንዳም ሆነ የኢትዮጵያ ሕግ አውጪዎች በነዳጅ ላይ አንድ ሺሊንግ ወይም አንድ ብር ከመጨመራቸው በፊት፣ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ በእግሩ ለሚሄደው ሰው ስንት እንደሚመለስ በሕግ ጽፈው ሊያሳውቁ ይገባል፤ ነዋሪውም ይህን መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው።